በሽማግሌ የተጠየቀ የአደን ፈቃድ

ዓመቱን ልሳሳት እችላለሁ፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይመስለኛል። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ከአፕል ቫሊ ከተማ ወዲያ አጋዘን የሚበዛበት የአንድ ገበሬ መሬት ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ እዚያ ለማደን ጓጉተው ነበር። ታዲያ ልጃገረድ ለጋብቻ እንደምትጠየቅ ሁሉ፣ ከሮዝቪል ከተማ ሁለት ሀበሻ ሽማግሌዎች ይዘው፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጠመንጃቸውን እቤት ትተው ሄዱ። አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ።

ገና ንግግራችንን ሳንጨርስ ገበሬው «ችግር የለም፣ አድኑ» አለ።

አጎቴ ደነገጡ። «እንዲህ ቶሎ እሺ አይባልም! ከሚስቱ ጋር ይምከርና ቀጠሮ ይስጠን በለው።»

«ጋሼ፣ ፈቀደልን እኮ!»

«አንተ ዝም ብለህ ተርጉም!»

ገበሬው እየሳቀ ለቅዳሜ ቀጠረን። ቅዳሜ ባልና ሚስቱ አብረው ቆመው «ተስማምተናል» ሲሉን፣ አጎቴ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ወዲህ የአደን ወቅት በደረሰ ቁጥር ፈቃዱን እንደ አዲስ ይጠይቁ ነበር።

ዘንድሮ ፈቃዱን ልጠይቅ ብቻዬን ሄድሁ። ከፊቴ ነጠላውን የሚያስተካክል ሰው ስላልነበረ በሩን ሳላንኳኳ ጥቂት ቆየሁ። ያኔ ከቅዳሜው ቀጠሮ በፊት በእርግጥ ተማክረው እንደነበር የገበሬውን ሚስት ጠየቅኋቸው።

«እውነት ነው» አሉኝ። «መጀመሪያ ባለቤቴ ሳያማክረኝ ነበር የፈቀደው፤ እኔ አልፈልግም ነበር። እሺ ያልሁት፣ ከዚያ በፊት የእኔን ፈቃድ የጠየቀ አዳኝ ስላልነበረ ነው።»