የቅልጡ ባንድ ብቸኛ ካሴት

ባለፈው ቅዳሜ ከጎሬ ወደ መቱ ስወርድ የሚኒባሱ ረዳት ጀንፈል የተሞላ ጆንያ እግሬ ሥር ገፍቶ አስገባና «እትዬ፣ እግርዎን ላዩ ላይ ያሳርፉት፣ እንዲያውም ይመችዎታል» ብሎ በሩን ጠረቀመው። አልተመቸኝም። ከነገለፈቱ የደረቀ ቡናና የጆንያ ክር አብረው ሲሞቁ የሚያወጡት ሽታ፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ ትንሽ የሻገተ፣ አፍንጫዬን አልፎ ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ። መቱ ያለችውን እናቴን ለመጠየቅ በየሳምንቱ የምመላለስበት፣ ከመልመዴ የተነሳ ዛፉንም ጠመዝማዛውንም የማላየው መንገድ ነው፤ ያን ቀን ግን እስከ መቱ መናኸሪያ እንባዬን እየዋጥኩ ወረድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ መኪና ያጥወለወለኝ መስሏቸው ሎሚ ሰጡኝ።

ያ ሽታ ለእኔ የጊታር ሽታ ነው። ታላቅ ወንድሜ ታምራት ይዘፍንበትና ጊታር ይመታበት የነበረው ቅልጡ ባንድ የሚለማመደው በሐጂ ነስሩ የቡና መጋዘን ውስጥ ነበር። ስሙን ያወጡት ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ከቆመው ግዙፍ ዋርካ ነው፤ ዋርካ በኦሮምኛ ቅልጡ ነውና። ሐጂ ዘፈን የሚባል ነገር ደጃቸው እንዲደርስ የማይወዱ፣ ኮስታራ ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ግን ቤዝ ጊታር የሚመታው ፉአድ የበኩር ልጃቸው ስለሆነ፣ ያለፈው ዓመት ቡና ተሸጦ መጋዘኑ ባዶውን በሚከርምበት በክረምት ቁልፉን ይሰጡታል። አዲሱ ቡና በር ላይ የደረሰ ዕለት ድራሙም ሞንታርቦውም ተጠራርጎ ይወጣል፤ ክርክር የለም። ስለዚህ ቅልጡ የክረምት ባንድ ነበር፣ በጋውን ጊታሮቹ አልጋ ሥር ተኝተው ያሳልፉታል።

የሚጫወቱትን ሮክ ይሉት ነበር። ፉአድ ከአዲስ አበባ በሚመላለሱ ሾፌሮች ካሴት የሰማውን የውጭ ጊታር አመጣ፤ ድራም መቺው ገመቹ ደግሞ ሶር ፏፏቴ አካባቢ ካሉት አጎቶቹ የተማረውን፣ ማር ለመቁረጥ ጫካ የሚገቡ ሰዎች ዛፍ ላይ ሆነው የሚቀባበሉትን ዜማ አመጣ። ታምራት ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ አንዱን ስንኝ በኦሮምኛ፣ ሌላውን በአማርኛ ይዘፍነዋል። ጊታሩ ሲጮኽ የሰፈሩ ሽማግሌዎች «ይህ ዕቃ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያቃስተው?» እያሉ ያልፋሉ። እኔና የሰፈሩ ሴት ልጆች የተቆለለ ባዶ ጆንያ ላይ ተደርድረን፣ የለበስነው ሹራብ በክር ብናኝ ተሞልቶ፣ ከተማችን ከዓለም ከተሞች ሁሉ የበለጠች መስላን እንሰማ ነበር። እኔማ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

የማትሰማው እናታችን ብቻ ነበረች። አባታችን ከሞተ በኋላ ብቻዋን ያሳደገችን፣ ቤተ ክርስቲያን ሳትስም የማትውል ሴት ናት፤ ልጇ በቡና መጋዘን ውስጥ አንገቱን እያወዛወዘ ይጮሃል ሲሏት ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች። ታምራት እሷ ባለችበት ማንጎራጎር እንኳ አይደፍርም ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ግን ራሷ አነሳችው። «ዘፈንህ የሰው ዘፈን ሲሆን፣ በካሴት አድርገህ እዚሁ ቤቴ ታሰማኛለህ። መጋዘን ለመጋዘን አልዞርም» አለችው። እሱ ይህን እንደ ምርቃት ቆጠረው። ከዚያች እራት ወዲያ ካሴት ማውጣት ሌላ ወሬ አልነበረውም።

በነሐሴ ቀዱት። ከጎሬ የመጣ ደህና ቴፕ ተዋሱ፣ ማይኩን ከመጋዘኑ ማገር ላይ በገመድ አንጠለጠሉ፣ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ብለው ግድግዳውን ዙሪያውን በጆንያ ሸፈኑት። የውሻ ጩኸት፣ የመኪና ጥሩምባ፣ የጎረቤት ወፍጮ፣ ሁሉንም አስበውበታል። ኮርኒስ የሌለውን ቆርቆሮ ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ግን አልነበረም። መቱ ያላደገ ሰው ይህን ሞኝነት ይለው ይሆናል። እኛ ግን ስንወለድም ስንቀበርም የሚዘንብብን ሰዎች ነን፤ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ እንደ ገዛ ትንፋሻችን ነው፣ አንሰማውም። ቀድተው ሲጨርሱ እዚያው መልሰው አጫወቱት፣ ከላይ አሁንም እየዘነበ ነበር፣ የካሴቱ ዝናብ ከጣሪያው ዝናብ ጋር ተቀላቅሎ ማንም ሳያውቀው አለፈ። ተቃቀፉ። ገመቹ አለቀሰ። ካሴቱ ጅማ ሄዶ ተባዝቶ እስኪመለስ ኅዳር ገባ።

የመቱ ገበያ በዚያ የኅዳር ቀን ያለቅጥ ደምቆ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ጤፉና በቆሎው በየሸራው ላይ የተዘረጋ፣ ሐጂ ነስሩም አዲሱን ቡናቸውን በሰሌን ላይ አስጥተው። ካሴት ቤቱ ሞንታርቦውን ወደ ውጭ አዙሮ የቅልጡን ካሴት ከፈተው። ከጊታሩ በፊት፣ ከታምራትም በፊት፣ ያ የነሐሴ ዝናብ ከነሙሉ ቁጣው ገበያው ላይ ወረደ። «ቦካን ዱፌ! ዝናብ መጣ!» ብላ አንዲት በርበሬ ሻጭ ስትጮህ ገበያው ተተራመሰ፤ ሴቶች እህላቸውን በሸራ ይሸፍናሉ፣ የሐጂ ሠራተኞች ቡናውን በአካፋ ይሰበስባሉ፣ ሐጂ ራሳቸው ካባቸውን ሰሌን ላይ ጣሉት። ከዚያ አንድ ሰው ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። የዚያን ዕለት ሳቅ እስከ ጎሬ ተሰምቶ ይሆናል። ታምራትም ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ አይኖቹን ግን አይቻቸዋለሁ። ከዝናቡ ሥር የእሱ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ ሰው ድምፅ ነበር። አለ፣ ግን ምን እንደሚል አይያዝም።

ቅልጡ የሚለው ስም በአንድ ሳምንት ተረስቶ «የዝናቡ ልጆች» ሆነው ቀሩ። ታምራት ቃል የገባላትን ካሴት ለእናቴ አላሰማትም። «ይህንን አይደለም የምትሰሚው፣ ጥሩውን አመጣልሻለሁ» አላትና፣ መጋዘኑ በቡና ስለተሞላ አዲስ አበባ ሄዶ ደህና ቦታ ሊቀዳ፣ ጊታሩን ይዞ የቡና መኪና ላይ ወጣ። ከበደሌ ወዲያ፣ ወደ ዴዴሳ በሚወስደው ቁልቁለት መኪናው ተገለበጠ፤ ታምራትም እዚያው ቀረ። ጊታሩን የያዘበትን ጆንያ ብቻ አመጡልን።

ባንዱ በዚያው አበቃ። በቀጣዩ ክረምት ሐጂ ሳይጠየቁ ቁልፉን ለፉአድ ላኩለት፤ ያን የሚያህሉ ኮስታራ ሰው እባካችሁ ተጫወቱበት ብለው ለምነውትም ነበር ይባላል። ፉአድ በሩን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ዛሬ እሱ ኡካ የምትባል ከተማ ውስጥ ሱቅ አለው፣ ሙዚቃ ሲነሳ ወሬ ይቀይራል። ዋርካው ለመንገድ ተቆርጧል፣ መጋዘኑም ፈርሶ በቦታው ሕንፃ ቆሟል፤ ጣሪያው ስላብ ስለሆነ ውስጡ ያለ ሰው ዝናብ ይዝነብ አይዝነብ አያውቅም። እናቴ አንዱን ካሴት ከሀዘን ልብሷ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ አንድም ቀን ሳትከፍተው አረጀች። አሁን ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል። በዚህ ዓመት ጥምቀት ማግስት ከሳጥኑ በዳበሳ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። «ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ሳይሆን የልጄን ዘፈን ልስማው» አለችኝ።

ወደ ገመቹ ወሰድኩት። ፀጉሩ ሸብቷል፣ መቱ መናኸሪያ አጠገብ ሞባይል ይጠግናል፣ ኮምፒውተርም ያውቃል። ዝናቡን አንሳልኝ አልኩት። ከቆየ በኋላ ደወለልኝ፤ ሱቁ ስደርስ ፍላሹን ሰጥቶኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

«አልሆነም ኦቦሌቲ» አለኝ፤ እንደ ድሮው እህቴ ማለቱ ነው። «ዝናቡን ሳነሳው እሱም አብሮ ይነሳል። እንዳለ ውሰጂው።»

ሱቁ ውስጥ የተቀመጠ ወጣት ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «ጋሼ ገመቹ፣ ያ የዝናብ ኢፌክት ከየት ያወረድከው ነው? ያምራል» አለው።

እንግዲህ ቅዳሜ የወረድኩት ያንን ፍላሽ ልቀበል ነበር፤ ከሱቁ በቀጥታ ቤት ገባሁ። እናቴ የቀትር እንቅልፍ ላይ ነበረች። እስክትነቃ ልሞክረው ብዬ ትንሿን ስፒከር መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ውጭ የጥር ፀሐይ ቆርቆሮውን እያንጣጣው፣ ቤቱ ውስጥ ነሐሴ ዘነበ። እናቴ ብርድ ልብሷን ወደ አንገቷ ስባ ነቃች፣ ጥቂት አዳመጠች።

«በጥር እንዲህ ያለ ዝናብ!» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «የሚዘፍን ሰው አለ እንዴ ውጭ? ማነው? ዝናቡ እኮ ነው የማያሰማው።»

ታምራት ነው፣ እማዬ፣ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ስንት ዓመት የጠራሁት ስም እምቢ አለኝ። ወንድሜ በዚያን ጊዜ የመጨረሻውን ስንኝ እየዘፈነ ነበር፤ ማሩን ቆርጦ ከዛፍ የሚወርደው ሰው ታች ያሉትን የሚጠራበትን። ከዚያ ካሴቱ አለቀ፣ ዝናቡም ዘፈኑም አብረው ቆሙ።

«ተመስገን፣ አባራ» አለች እናቴ። በክርኗ ተደግፋ ቀና አለችና ጆሮዋን ወደ መስኮቱ ሰጠች። «ዝም በይ እስቲ፣ አሁን እንሰማዋለን።»