ከፊርማ በኋላ የተላከ ሽማግሌ

ኅሩይ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሽማግሌ ሆነ። ያውም አንድ ሽበት ሳያበቅል፣ ያውም ራሱ ሚስት ሳይኖረው። ቀን የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል፣ ማታ ኢንጂነሪንግ ይማራል። ለራሱ ጉዳይ ምላሱ የሚተሳሰር ዓይን አፋር ነው። ለጓደኛ ከሆነ ግን ነፍሱንም አይሰስትም።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ በ1973 በጋ፣ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ ከጓደኛው ከለገሠ ጋር በተከራዩት አፓርትመንት ነው። ለገሠ ጠዋት ጃፓናዊቷን ሚቺኮን በፊርማ አግብቶ፣ ለምሳ አሥራ አራት ሰው ጠራ። ዶሮ ወጡ ቀርቧል፣ የሙሽራዋ ጓደኞች ያመጡት ሱሺም አለ። ሁሉም ይስቃል። የሙሽራዋ አባት አቶ ሞሪታ ብቻ ከኪዮቶ ከመጡ ሦስት ቀናቸው ቢሆንም፣ ለለገሠ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አሁንም ብርጭቆአቸውን ሳይነኩ ተቀምጠዋል። ሚቺኮ እንባዋን እየዋጠች ታስተናግዳለች።

«በቃ ጠልተውኛል» አለ ለገሠ ኅሩይን ይዞ ኩሽና ገብቶ። «ሳይመርቁን ከሄዱ እኮ ዕድሜ ልኳን ይቆጫታል።»

ወጡን የሠሩት እትዬ ተናኘወርቅ ጭልፋቸውን አስቀመጡ። «ለመሆኑ ሽማግሌ ልካችኋል?»

ሁለቱም ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

«አይ የእናንተ ነገር! የሰው ልጅ እንዲሁ ይወሰዳል? ኅሩይ፣ ክራቫትህን አስተካክልና በደንቡ በበር ግባ።»

ኅሩይ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ ወጣ፤ አንኳኩቶ ገባና ቆመ። አቶ ሞሪታ ወንበር አሳዩት። ሽማግሌ ደግሞ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። እሳቸውም እንግዳ ቆሞ መቀመጥ ነውር ሆኖባቸው ተነሡ። እነኅሩይ እጅ ነሱ፤ አቶ ሞሪታ ጎንበስ አሉ። እነኅሩይ ደገሙ፤ አቶ ሞሪታ ከዚያም ዝቅ አሉ። ኧረ ማን ያብቃ! ወጡ ቀዘቀዘ።

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን መጥተናል» አለ ኅሩይ በመጨረሻ። ሚቺኮ ተረጎመች።

«ታዲያ ጠዋት የፈረሙት ምንድን ነው?» አሉ አቶ ሞሪታ።

«እሱ የመንግሥት ወረቀት ነው፤ እርስዎን ገና አልጠየቅንም።»

«የልጁ አባትስ?»

«አዲስ አበባ ናቸው። ዛሬ በእሳቸው ቦታ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ሞሪታ ያን ጢም እንኳ በቅጡ ያላወጣ ልጅ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ሚቺኮ ስትተረጉም ድምጿ ተቆራረጠ።

«ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሰው መጥቶ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር ይላሉ። ልጄን አደራ ይላሉ።»

ኅሩይ አንድ ጊዜ ደግሞ እጅ ነሳ። አቶ ሞሪታ ከጎናቸው ያለውን ወንበር ሳቡለት፤ አብረው ተቀመጡ።