ትምህርት ቤቱ ለስብሰባ የሚዘጋበት ማክሰኞ

ወይዘሮ አርዲስ ፔልኪ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ካላሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የሃርሎው ከተማን የተማሪዎች አውቶቡስ ሲነዱ ነው ያረጁት፤ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ በመስታወቱ ሲመረምሩ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን የሚመረመር ነገር ጠፍቶባቸው ነበር። ዘንድሮ አገኙ።

ከተማዋ ለአዛውንቶች የቤት ግብር ትቀንሳለች። ይህ ቅናሽ እጥፍ ይሁን የሚል ሐሳብ ነዋሪው በየዓመቱ ተሰብስቦ ድምፅ ለሚሰጥበት የመጋቢት ማክሰኞ ስብሰባ ቀረበ። ሐሳቡ ካላለፈ ወይዘሮ አርዲስ ቤታቸውን ሸጠው ፍሎሪዳ እህታቸው ዘንድ መግባታቸው ነው። እህታቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምትለፈልፍ፣ እሷ ስትደክም በቀቀኗ የምትቀጥልላት ሴት ናት። ደስ ሊላቸው ሲገባ ግን አንድ ጥያቄ ከነከናቸውና ማዘጋጃ ቤት ሄደው ጸሐፊውን ዶኒን ያዙት።

«እኔ የማልከፍለውን ማን ነው የሚከፍለው?»

«ሌላው ሰው ነዋ፣ እማማ አርዲስ።»

«ሌላው ሰው ከየት አመጣለሁ ቢልስ?»

«ትምህርት ቤቱ ወጪ ይቀንሳላ! ግብሩ በአብዛኛው እዚያ አይደል የሚገባው? መጀመሪያ የሚቀረው የዳገቱ አውቶቡስ ነው።»

«የኔ መንገድ?»

«የእርስዎ መንገድ። በሉ እንግዲህ ስብሰባው ላይ ተነሥተው እንዳያምሱን።»

«ዝም በል አንተ! አውቶቡሴ ላይ ስንቴ እንዳስመለስክ ላውራ?»

ዶኒ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ዳገቱ ላይ ያለቻቸው ጎረቤት ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው ጄና ናት። በረዶ ባደረ ቁጥር ሥራ ከመግባቷ በፊት የእሳቸውን ደጅ ትዝቃለች። ሥራ የምትገባው ትምህርት ቤት ሳይከፈት ስለሆነ አውቶቡሱ ከቀረ ከዳገቱ መልቀቋ አይቀርም። ቅናሹ ካለፈ ጄና ልትሄድ ነው፤ ካላለፈ እሳቸው።

አመሻሹ ላይ አጥር ተደግፈው ጠየቋት።

«አንቺ ልጅ፣ እናንተ ወላጆቹ ለምንድነው ስብሰባ የማትመጡት? ሁልጊዜ ሽበት ብቻ ነው የማየው።»

«ትምህርት ቤት ዝግ ነዋ! ስብሰባው እዚያው ስፖርት አዳራሹ ውስጥ ስለሆነ ልጆቹ ቤት ይውላሉ። ማን ላይ ጥያቸው ልምጣ?»

ወይዘሮ አርዲስ ክው አሉ። በዚያ ቀን አውቶቡስ ስለማይወጣ እሳቸው በየዓመቱ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ወጣቶቹን ሰነፍ እያሉ ሲያሙ ኖረዋል። ስለ ትምህርት ቤት የሚወሰነው ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ወላጅ ታስሮ ነው! መጀመሪያ ሳቃቸው መጣ፤ ቀጥሎ አፈሩ።

«ልጆቹን እኔ እይዛለሁ፤ አንቺ ሂጂ።»

«የእርስዎ ድምፅስ?»

«ስንት ዘመን ሰጥቼ የለ! ሂጂና ለልጆችሽ የድምፅ ካርድሽን አንሺ።»

ማክሰኞ ዕለት ወይዘሮ አርዲስ ከልጆቹ ጋር ፓንኬክ ሲጋግሩ ዋሉ። ከዛፍ የሚቀዳውን ጣፋጭ ሽሮፕ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት፤ ልባቸው ግን አዳራሹ ውስጥ ነበር። ጄና ስትመለስ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

«ቅናሹ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ።»

የፍሎሪዳዋ በቀቀን ከዓይናቸው ጠፋች፤ በቦታዋ ባዶው የጄና ቤት መጣ። «አይዞሽ ልጄ፣» አሉ፤ «አንቺ ብቻሽን ተቃውመሽ ምን ልታመጪ!»

ጄና መሬት መሬት አየች። «አልተቃወምኩም።»

«ምን?»

«ያ ፊተኛው ወንበርዎ ባዶውን ሳየው ሆዴ ባባ። ፍሎሪዳ የሄዱ መሰለኝ። ካርዴን አነሣሁ።»

«አንቺ ጅል!»

«ጅሏስ እርስዎ! ድምፅዎን ጥለው የሰው ልጅ ይዘው ይቀራሉ?»

ወይዘሮ አርዲስ ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱና እንባቸው ቀደማቸው፤ ጄናም እዚያው በሩ ላይ አቀፈቻቸው።

ትልቋ ልጅ ሜቭ ፓንኬኳን እያላመጠች ሁለቱን አየቻቸው። «ታዲያ አውቶቡሱ ቀረ? በምን ልንሄድ ነው?»

ወይዘሮ አርዲስ ዓይናቸውን ጠራርገው በመስኮት አዩ። አሮጌዋ መኪናቸው በረዶ ለብሳ ቆማለች። አላረፉም፤ ሌላ ጥያቄ መጣባቸው።

«የትምህርት ቤቱ ደወል አሁን በስንት ሰዓት ነው የሚደወለው?»