የሁዳዴ ወጥ በአዲሱ ድስት

በደርግ ጊዜ አዋሳ በነበረ የጦር ካምፕ ወጥ ሠሪ ነበርኩ። አንድ ዓመት ማገዶ ቀረና በእንፋሎት የሚሠሩ፣ እኔን የሚያክሉ ድስቶች ተተከሉልን። ከጭስ መገላገሌማ ምን ይወጣለታል፤ ዓይኔ ድኖ በመናኸሪያ ሳልፍ ሰው ከሩቅ እየለየሁ ሰላም ማለት ጀመርኩ። ያናደደኝ ከድስቱ ጋር የመጣው ደንብ ነው። ሁሉም ከተመደበበት ቦታ ንቅንቅ እንዳይል ተባለ።

እኔ ጿሚ ነኝ። በጾም የሥጋ ወጥ እሠራለሁ እንጂ አልቀምስም። የምትቀምስልኝ አብራኝ የምትሠራ የሲዳማ ልጅ ነበረች፤ ጴንጤ ስለሆነች ሁዳዴ አይመለከታትም። መዳፏ ላይ ጠብ አደርግላታለሁ፣ ትልስና "ጨው ጨምሪ" ወይ "ተይው" ትለኛለች። በአዲሱ ደንብ እሷን ማዶ ክፍል ዳቦ ቆራጭ አደረጓት። ለምን እንደምፈልጋት እንዳልናገር፣ ያኔ ጾም ኋላ ቀርነት ነው ተብሎ ያስወቅስ ነበር።

የአዲሶቹ ድስቶች ምረቃ ቀን ሁዳዴ ላይ ዋለ። የድስቱን ልክ ገና አላወቅሁትም፤ የሥጋ ወጡን ጨው በግምት ጨመርኩ። የሠራዊት ምግብ ማበላሸት ደግሞ አሻጥር ተብሎ ያሳስር ነበር። ብታሰር ሁለቱን ልጆቼን ማን ያበላቸዋል እያልኩ ስብሰለሰል የካምፑ አዛዥ ሻለቃው እንግዶች አስከትለው ገቡ። ጭልፋውን ተቀብለውኝ ወደ አፋቸው አስጠጉና ቆም አሉ።

"ይሄን የቀመሰው ሰው አለ?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"የለም፣ ጓድ ሻለቃ። እኔ... አልቀምስም።"

"እኔም አልቀምስም። ቶሎ የሚቀምስ ጥሪ።" ወዲያው ወደ እንግዶቹ ዞረው ጮክ ብለው፣ "ወጡ ትንሽ ይቀረዋል፤ እስከዚያ የእንፋሎቱን ማሽን እንይ" አሉና ይዘዋቸው ወጡ።

ልጅቷን እየጎተትኩ አመጣኋት። መዳፏን ላሰችና ሳቀች።

"እትዬ፣ ጨው የሚባል አልነካውም እኮ!"

ጨመርኩ፣ ቀመሰች፤ ደግሜ ጨመርኩ፣ "አሁን በቃው" አለች።

እንግዶቹ በልተው አመሰገኑ። ሻለቃው ሆዴን አሞኛል ብለው ዳቦ በሻይ በሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ዘፍ አልኩና እፎይ አልኩ፤ እንባዬም ሳላስበው ወረደ። በማግስቱ ልጅቷ ወደ እኔ ተመለሰች፤ ምክንያቱን የጠየቀ የለም። እኔ ግን ገርሞኝ ሰነበተ፤ ያን ሁሉ ዓመት ስፈራቸው የኖርኩት ሰውዬ ለካስ እንደ እኔው እየፈሩ ነበር የሚጾሙት።