እሱ ሴት ነው

ዛሬ ከሰዓት የላቦራቶሪውን አሮጌ ቁም ሳጥን ሳራግፍ በጋዜጣ መሃል ተጭኖ የደረቀ ቅጠል እጄ ላይ ወደቀ፤ ያ መራራ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታው እስካሁን አለቀቀውም። ከሥሩ «ወንዴ፤ የቁስል መድኃኒት» ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሳለሁ የጻፍኩት። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት የማይበግራቸውን ጀርሞች ስመረምር ውዬ ደክሞኝ ነበርና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ ሆና ቢሮው ሁሉ ገና ቀለም ቀለም ሲሸት ነው አባዬ መምህር ሆኖ ተመድቦ ከደሴ ይዞን የመጣው። ጎረቤታችን አባባ ሐምዳን የሚባሉ የበርታ ብሔረሰብ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ፤ የገጀራ ቁስል ላይ ቅጠል ቀጥቅጠው ሲያስሩበት በሳምንቱ ይጠግግ ነበር፣ የእኔንም ጉልበት ያዳኑት እሳቸው ናቸው። አማርኛቸው ግን ወንድና ሴት አይለይም፤ እናቴን «አንተ፣ ደህና አደርህ?» ሲሏት በሳቅ ትፈርሳለች። እኔ ደግሞ በሰዋስው ከክፍሉ አንደኛ ነኝና ሽማግሌውን ቁጭ አድርጌ አርም ነበር። ወይ ድፍረት!

አንድ ቀን ቁስል የሚያመረቅዙ ጀርሞችን የሚገድል ዕፅ የሚፈልጉ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ፣ ዛሬ እኔ ከምሠራበት ከዚሁ ላቦራቶሪ መጡ። አባባ ሐምዳን ጫካ ይዘዋቸው ሄደው የአንድ ዕፅ ሁለት ዓይነት ቅጠል ይዘው ተመለሱ፤ ሰፊውን ወንዴ፣ ቀጭኑን ሴቴ ይሉታል። በረንዳችን ላይ ዘርግተው «ሁለቱ አንድ አይደለም። እሱ ነው ቁስል የሚያደርቅ፣ ሌላው ለከብት ነው» አሉና ለሰላት ተነሡ። ተመራማሪው «የትኛውን ነው ያሉት?» ብለው ዞር ሲሉ እኔ ቀደምኩ፤ «እሱ ካሉማ ተባዕት ነው፤ ወንዴው ነው» አልኩ። እናቴንም «እሱ» እንደሚሏት ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ጎበዝ ተብዬ ብዕር ተሰጠኝ፣ በሚያምር ጽሕፈቴ ጻፍኩ፣ እሳቸው ሰፊውን ይዘው ሄዱ፣ ቀጭኗን ፍየል በላቻት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ።

ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ቅጠሉ አንድም ጀርም አልገደለም። አባዬ ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት አነበበው። አባባ ሐምዳን የተወሰደው የትኛው እንደሆነ ጠየቁ፤ ሰፊው መሆኑን ሲሰሙ ብድግ ብለው «ወላሂ ሰፊው አይደለም! እሱ ሴት ነው! እሱ ሴት ነው!» አሉ። ሰው ሁሉ ማመካኛ መስሎት በአማርኛቸው ሳቀ። በረንዳው ላይ «እሱ» ያሉት ሴቴዋን መሆኑ የገባው ለእኔ ብቻ ነበር፤ ጥፋቴን በመናገር ፈንታ ግን አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲያ ቁስሉን ይዞ ደጃቸውን የሚረግጥ ጠፋ። እሳቸውም ቅጠላቸውን ለማንም ሳያሳዩ መንጌ ወረዳ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሄደው እዚያው አረፉ።

ያ የአሶሳ ጫካ ዛሬ የቤት መደዳ ሆኗል። ቀጭን ቅጠል ባየሁ ቁጥር እቆርጣለሁ፣ እቀጠቅጣለሁ፣ ጀርም ላይ አደርጋለሁ፤ እስካሁን አንዷም እሷ አይደለችም። እውነቱን ለመናገር ታክቶኛል። ትናንት እንኳ እግሩ ላመረቀዘ አንድ ገበሬ ከሞከርናቸው መድኃኒቶች አንዱም አይሠራለትም ብዬ ውጤቱ ላይ ፈርሜያለሁ።

ቅጠሉን ወደ ቦታው ከመመለሴ በፊት ብዕሬን አወጣሁ። የልጅነት ጽሕፈቴን ሰረዝኩና ከሥሩ «እሱ ሴት ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ልክ እሳቸው እንዳሉት፣ ሳላርም።