ከጉድጓድ የወጣች ካሜራና የግራና ጉርድ ፎቶዎች

ማክሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ መርሳ

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ሚኒባሱ ሞላ ከተባለ በኋላ ሦስት ሰው ተጨምሮበታል፤ እኔ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ለእግሬ የተመደበውን ቦታ ከአንድ ጄሪካን ቤንዚን ጋር ተካፍዬ ተቀምጫለሁ። በጎኔ ያለው መስኮት መስታወት የለውም። በፌስታል ተሸፍኖ፣ ነፋሱ እያርገበገበው ጆሮዬ ሥር ይንጫጫል። ታሪፉ ከጦርነቱ በፊት ከነበረው እጥፍ ሆኗል። ማንም አልተከራከረም፤ የመከራከሪያ ጉልበት ካለቀብን ቆይቷል።

የምሄደው ካሜራ ልገዛ ነው። ለጎረቤቴ ስነግራት «በዚህ ጊዜ?» ብላ አፏን ይዛለች። እውነቷን ነው። መብራት ከጠፋ ወራት አልፈዋል፤ የማስተምርበት ክፍል ጥቁር ሰሌዳ እንጂ ወንበር የለውም። እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ ካሜራ ጨብጬ የማውቀው በሰው ሠርግ ላይ «እስቲ አንዴ አንሺን» ስባል ብቻ ነው። ቦዲ ስለሚሉት የካሜራው አካልና ስለ ሌንስ የማውቀው ሁሉ ስልኬ ላይ ካወረድኋቸው አራት ቪዲዮዎች የተለቀመ ነው።

ምክንያቱ ግራና ያሉ ባልና ሚስት ናቸው። ውጊያው መርሳ ሲደርስ በእግሬ ሸሽቼ ግራና አካባቢ ካለች መንደር ገባሁ። አያ ይመርና ባለቤታቸው እትየ ዘሀራ ሳያውቁኝ አስጠግተው ሁለት ወር አኖሩኝ። እነሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን። ሥጋ ሳልበላ እንዳልኖር ብለው፣ አያ ይመር ዶሮ የሚያርድልኝ ክርስቲያን ፍለጋ ዶሮዋን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሁለት መንደር አቋርጠዋል። ያንን መቼም አልረሳውም።

አሁን እትየ ዘሀራ ታመዋል። ሆዳቸው ውስጥ እብጠት አለ፤ የሚያያቸው ሐኪም ያለው ደሴ ነው። የደሴ መንገድ ደግሞ ኬላ በኬላ ነው፣ ያለ መታወቂያ አያሳልፍም። ከኮት ኪሳቸው ካልተለየችው ከአያ ይመር መታወቂያ በቀር፣ የመንደሩ ሰው መታወቂያ በግርግሩ ጠፍቷል። ቀበሌው አዲስ እሰጣለሁ ብሏል፣ ግን ሁለት ሁለት ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል፤ የሚፈርመውም ዓርብ ብቻ ነው። የመርሳ ፎቶ ቤቶች ተዘርፈዋል። ወልድያ ሄደው እንዳይነሱ ኬላው መታወቂያ ይጠይቃል። ለፎቶ መታወቂያ፣ ለመታወቂያ ፎቶ። ስለዚህ ካሜራውን እኔ ልወስድላቸው ተነሳሁ።

ማክሰኞ፣ 3 ሰዓት ተኩል፤ ወልድያ

ወልድያ በጄኔሬተር ድምፅ ትነቃለች። ፒያሳ ላይ ባጃጆች በሰልፍ ቆመው ቤንዚን ይጠብቃሉ፤ ሹፌሮቹ ውስጥ ተኝተዋል። የፈረሱ ሱቆች በር በአዲስ ቆርቆሮ ተዘግቷል። አንድ ሰሃን ፉል በላሁ። ዘይቱ ስስ፣ ዳቦው የእጅ መዳፍ አያክልም፤ የምታስተናግደው ልጅ ዓይኔን አይታ «ያለው ይሄው ነው፣ እህቴ» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

ጋሽ መኮንን ሠላሳ ዓመት ፎቶ ያነሱ ሰው ናቸው። ፎቶ ቤታቸው ባዶ ነው። ወንበሩ፣ መብራቱ፣ መስታወቱ ሄዷል፤ ግድግዳው ላይ ፏፏቴ የተሳለበት ጨርቅ ብቻ ቀርቷል።

«ይቺን እንኳ የፈለጋት የለም» አሉ ወደ ጨርቁ እያመለከቱ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውብ ነች ስል የኖርሁ!»

ከጓዳ ሁለት ካሜራ አመጡ። አንደኛዋ ትልቅ፣ ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ፤ ጀርባዋ ላይ ሰፊ ስክሪን ያላት። ሁለተኛዋ ትንሽ፣ ጥግ ጥጓ ተልጦ ብረቱ የሚታይ፤ የተገጠመላት ሌንስም ወደ ፊት ወደ ኋላ የማይል፣ ሰው ለማቅረብ በእግር መራመድ የሚጠይቅ አጭር ሌንስ።

ቪዲዮው እንዳስተማረኝ «ስንት ሜጋ ፒክስል ናት?» አልኋቸው ትልቋን አንስቼ።

«ለጉርድ ፎቶ?» ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ ቦዲ ልብስ ነው። ሌንስ ዓይን ነው። ሰው ሲታጭ ዓይኑ ያያል ወይ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ኮቱ ስንት ኪስ አለው ተብሎ አይጠየቅም።»

የስልካቸውን ባትሪ አብርተው በትልቋ ሌንስ ውስጥ አሳዩኝ። ከመስታወቱ ጥግ ጀምሮ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል።

«ሻጋታ ነው። ውጊያው ሲመጣ ውድ ውዱን መርጬ ከወንድሜ የእህል ጉድጓድ ቀበርሁ። ማሽላ ሦስት ዓመት የሚያቆይ ጉድጓድ ካሜራ ሦስት ወር አያቆይም ብዬ መች አሰብሁ? ርጥበት ገባው። ይቺ አሮጌዋ ትሰረቅ ብዬ መደርደሪያ ላይ ትቻት ነበር። ንቀው ተዋት። አሁን ጤነኛዋ እሷ ናት።»

የአሮጌዋን ሌንስ በአዲሷ ቦዲ ላይ ግጠሙልኝ አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተለያየ ፋብሪካ ሥራ ናቸው፣ አፋቸው አይገጥምም። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው አሉኝ፤ ቦዲ ሲገዛ ወደፊት የሚያገባቸውን ሌንሶች ሁሉ አብሮ እየመረጠ መሆኑን አያውቅም።

የትኛዋን መውሰድ እንደነበረብኝ አንባቢ ያውቃል። እኔም አውቄ ነበር። ግን ቤቴ ውስጥ የቀረው ዕቃ ሁሉ የተሰበረ፣ የተላጠ፣ ሌባ የናቀው ነው። አዲስ የሚመስል ነገር አንድ እንኳ በእጄ እንዲገባ ፈለግሁ። ትልቋን ያዝሁ።

ጋሽ መኮንን አልተቆጡም። «ከፀሐይ ጋር ፊት ለፊት አታጋጥሚያት» አሉ። «ባትሪዋም አንድ ናት፣ እሷም ደክማለች። በቁጠባ።»

አንድ ሆቴል ጓሮ፣ ጄኔሬተር ሥር፣ ከሠላሳ ስልክ ጋር ተሰልፋ ባትሪዋ እስክትሞላ እስከ ስምንት ሰዓት ቁጭ አልሁ።

ማክሰኞ፣ 9 ሰዓት፤ መንገድ ላይ

ከከተማው መውጫ ያለው ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን። ቦርሳዬን የከፈተው ሚሊሻ ካሜራዋን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ጋዜጠኛ ነሽ?»

«መምህርት ነኝ።»

«መምህርት ይሄን የሚያህል ካሜራ ምን ያደርግላታል?»

«ጉርድ ፎቶ ላነሳበት ነው።»

አላመነኝም። እኔም ብሆን አላምንም። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው በእኔ ምክንያት ፀሐይ ላይ ቆሞ ሃያ ደቂቃ ጠበቀ፤ አንዲት ሴትዮ «ዕቃ አጣሽ ልትሸከሚ?» አለችኝ። ሚሊሻው አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ሜሞሪዋን ከፍቶ ባዶ መሆኗን አየ፣ የመምህርነት መታወቂያዬን ሁለቴ አገላበጠ። «መንገድ ላይ እንዳታወጫት» ብሎ ሰደደን። ትንሿ ብትሆን ኖሮ ዞር ብሎ የሚያያት አልነበረም።

መርሳ ስገባ የፓፓዬ ሻጮቹ ቅርጫት እያነሱ ነበር። ቤቴ ገብቼ እንደ ልጅ ኩባያውንም፣ ጠረጴዛውንም፣ የራሴንም እግር አነሳሁ። ባትሪዋ ከግማሽ በታች ወረደች። በዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ያናድደኛል።

ረቡዕ፣ 2 ሰዓት፤ ግራና

ባጃጅ እስከሚችለው ድረስ፣ ከዚያ በእግር። የማሽላው አገዳ ታጭዶ በክምር ቆሟል፤ የመስኖው ቦይ ባለበት በኩል ሽንኩርት አረንጓዴ ሆኗል። አንዱ እርሻ መሐል የተቃጠለ መኪና አለ፣ ገበሬው ዙሪያውን አርሶታል።

አያ ይመር ከደጅ ተቀበሉኝ። «እህሳ፣ እንደት አደርሽ መምህርት! አላህ ያመጣሽ!» አሉ። እትየ ዘሀራ ከመደቡ ተነስተው ሊስሙኝ ሲሞክሩ ከለከልኋቸው። ካየኋቸው በሦስት ሳምንት ውስጥ ፊታቸው ግማሽ ሆኗል። ሆዳቸው ብቻ ቀሚሱን ወጥሮታል።

«እርስዎን ላንሳና ይረፉ» አልኋቸው።

«ኧረ ነውር ነው! እንግዳ ደጅ አቁሜ? ጎረቤቶቹ ይቅደሙ። እኔ የቤት ሰው ነኝ፣ የት እሄዳለሁ?»

ተከራከርሁ፤ ግን የወሎን ሴት በገዛ ቤቷ ማን ረትቷት ያውቃል? አሥር ጎረቤቶች በግቢው አጥር ሥር ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሽማግሌ ለፎቶው ኮት ተበድረው ለብሰዋል።

ነጭ ጋቢ ግድግዳው ላይ ሰቀልን። ከዚያኛው ወገን በረት ስለሆነ ያለን ግድግዳ ይሄ ብቻ ነው፤ ፀሐዩ ደግሞ በጣሪያው ላይ አልፎ ቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያውን ሰው አንስቼ ስክሪኑን ሳየው ፊት የለም። ነጭ ጉም ነው፣ መሐሉ ላይ ሁለት ዓይን። ሻጋታው! ጋሽ መኮንን ከፀሐይ ያስጠነቀቁኝ ለዚህ ነበር።

አያ ይመር በትከሻዬ አጮልቀው አዩ። «ፀሐይ ናት ያስቸገረችሽ?» ብለው ጥላቸውን ዘርግተው ከካሜራው በላይ ያዙልኝ። ደግሜ አነሳሁ። ጉሙ ሳሳ፣ ሰውየው ወጣ። ከዚያ በኋላ አያ ይመር እጃቸው እየዛለ፣ እጅ እየቀያየሩ፣ እስከ መጨረሻው ጥላ ያዥ ሆኑ።

ችግሩ ስክሪኑ ነው። እኔ ስላላመንሁ እያንዳንዱን ፎቶ ሦስት አራት ጊዜ አያለሁ። የተነሳውም «እስቲ ልየኝ» ይላል፤ አጠገቡ ያለውም ያያል። ኮት የተበደሩት ሽማግሌ «ወላሂ፣ አባቴን ቁርጥ!» ብለው መንደሩን ሁሉ ጠሩ። አሥረኛዋን ሴት አንስቼ ስጨርስ ባትሪዋ ቀይ ነበረች። እትየ ዘሀራ በአያ ይመር ክንድ ተደግፈው ወጥተው ከጋቢው ፊት ሲቀመጡ ካሜራዋ ጠፋች።

የተናገርሁትን አላስታውስም። አሥር ሰው አንስቼ የመጣሁላቸውን ሴት አጣሁ። ነገ ሐሙስ ነው፣ ከነገ ወዲያ ዓርብ። ወልድያ ደርሼ፣ ባትሪ ሞልቼ፣ ተመልሼ አንስቼ፣ እንደገና ሄጄ አሳትሜ ዓርብ አልደርስም። የሚቀጥለው ዓርብ ሳምንት ነው፤ እሳቸው ሳምንት እንዳላቸው ማን ያውቃል?

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሉ እትየ ዘሀራ። እኔን የሚያጽናኑት እሳቸው ናቸው።

ባትሪዋን አወጣኋት። የደከመ ባትሪ ካረፈ ትንሽ እንደሚመለስ ከስልኬ አውቃለሁ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ጥላ ሥር አስቀመጥኋት። የሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ አያ ይመር በለሆሳስ ዱዓ ያደርጋሉ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አልኋቸው ስመልሳት። «እንዳይጨፍኑ።»

ሻሻቸውን ከግንባራቸው ከፍ አደረጉ። ጥላው ተዘረጋ። ተጫንሁ፤ ቀጭ አለች፣ ወዲያው ሞተች። ይውጣ አይውጣ ያየ የለም። ከመንደሩ ሁሉ ፊታቸውን ሳያዩ የገቡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሐሙስ፣ 4 ሰዓት፤ ወልድያ

ጋሽ መኮንን ሜሞሪዋን፣ ከማተሚያው ጋር ወንድማቸው ቤት ተሸሽጎ በተረፈው ኮምፒውተር ላይ ሰኩ። በተውሶ ጄኔሬተር የሚሠራ ነው፣ መብራቱ ይሞታል ይነሳል። ኩባያዬ ወጣ፣ እግሬ ወጣ፣ ሳቁብኝ። አሥሩ ሰዎች ተራ በተራ ወጡ። ከዚያ ስክሪኑ ደረቀ።

«የመጨረሻዋስ?» አልሁ።

«ታገሽ፣ እየከፈተ ነው።»

ወጣች። የእትየ ዘሀራ ዓይን ተከፍቷል። ጫፍ ጫፉ ላይ ትንሽ ጉም አለ፣ በላይ በኩል የጥላው ዘንግና የአያ ይመር ጣቶች ገብተዋል። ጋሽ መኮንን ጣቶቹን ቆረጡ። እኔ ወንበር ስለሌለ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ እሳቸው ያትማሉ።

የዚያኑ ቀን ማታ መርሳ ድረስ ለመጡት ለአያ ይመር ሁሉንም በፖስታ አስረከብሁ።

ቅዳሜ፣ 1 ሰዓት፤ ውርጌሳ

ከመርሳ ወደ ደሴ። መታወቂያው ትናንት ተፈርሟል። እትየ ዘሀራ በእኔና በአያ ይመር መሐል ተቀምጠዋል፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እጄን ይጨብጣሉ እንጂ ድምፅ አያወጡም። እኔም ደሴ ድረስ አብሬ ነኝ። ሦስታችንም ደክሞናል።

ውርጌሳ ኬላው ላይ አንድ ወጣት በመስኮት አንገቱን አስገባ። አያ ይመር ሁለቱን መታወቂያ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አውጥተው ሰጡት። የአዲሱን ካርድ ፎቶ አየ፣ እትየ ዘሀራን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ።

«ይለፉ፣ እናቴ» አለ። «አላህ ይማርዎት።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። አያ ይመር ካርዶቹን ሊመልሱ ሲሉ ፎቶዋን ገና ያላዩት እትየ ዘሀራ እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ ልያት።»

ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት። በአውራ ጣታቸው ጉንጯን ዳበስ አደረጓት።

«ምስኪን!» አሉ። «ይቺ ሴትዮ እኮ ደክሟታል። ምነዋ፣ ሐኪም ቤት አትወስዷትም?»

አያ ይመር ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«እየወሰድናት ነው» አሉ።