ሳላለዝብ ያደረስኩት ቃል

ሆሳዕና የሄድኩት አስተማሪ ልሆን ነበር። አባቴ አንጋጫ አቅራቢያ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ እናቴም የበኩር ልጇ ከጠመኔ ሌላ ነገር ይዞ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። እኔም አላሰብኩም። በዚያ ዕድሜ ስለ ራሴ የማውቀው ሁሉ ሌሎች የነገሩኝ ነበር፤ ዝምተኛ ነው፣ ጨዋ ነው፣ እንደ አባቱ አስተማሪ ይሆናል።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ብዙ የምረቃ በዓል ዘግቤያለሁ። ተመራቂዎቹን «ኮሌጁ ምን አሳወቃችሁ?» ስላቸው የትምህርት ክፍላቸውን ስም ይነግሩኛል። እኔም በጊዜው ብጠየቅ መልሴ ያው ነበር። ዛሬ ግን የሚጠይቀኝ ቢኖር ስለ አንድ ቅዳሜ ነው የምነግረው፤ የሆነውም ክፍል ውስጥ ሳይሆን በአከራያችን ግቢ ነው።

አከራያችን ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ፤ እማማ ነበር የምንላቸው። ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ከጓሮው እንሰት ጋር ተጠግታ የተሠራች አንዲት የጭቃ ክፍል ለሁለት ተከራይተናል። ክፍሏን የተጋራኝ ጓደኛዬ ከሾኔ አካባቢ የመጣ የሀዲያ ልጅ ነው፤ እኔ ከምባታ ነኝ። እሱ የፕሮቴስታንት ቤት ልጅ፣ እኔ የካቶሊክ። እሱ ቤት ሀዲይኛ፣ እኔ ቤት ከምባትኛ ይነገራል። ያገናኘን አማርኛ ነው፤ እሱንም በየራሳችን ቅላጼ ነበር የምንናገረው።

«ይሄ አማርኛ አይደለም፣ አንጋጫኛ ነው» ይለኛል።

«ያንተን ደግሞ የሾኔ በሬ ብቻ ነው የሚገባው» እለዋለሁ።

ቅዳሜ ሲመጣ ከየቤታችን በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይላክልናል፤ ለገበያ በሚመጣ ዘመድ ወይም በመኪና ረዳት እጅ። የማን እናት ቆጮ ይሻላል በሚለው ተስማምተን አናውቅም። እማማ ጎመኑን ከትፈው እየሰጡን «ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ ብሉ» ይሉናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መጽሐፍ ማንበብም መነጋገርም ስለማይቻል ተኝተን ጣሪያውን እናያለን። ዛሬ ያ ሰፈር ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ሆሳዕና በሄድኩ ቁጥር ግቢው የነበረበትን ቦታ ለማግኘት ቆም ማለት አለብኝ። የዚያ ዝናብ ድምፅ ግን እስካሁን በጆሮዬ አለ።

ጓደኛዬ የማይችለው ነገር አልነበረም። ሳልባጅ ጫማ ከገበያ ገዝቶ፣ አጥቦና ሰፍቶ ለተማሪ ይሸጣል። መዘምራን ውስጥ ይዘምራል። ሴቶቹ ሰላም ሲሉት ስማቸውን ጠርቶ ነው የሚመልሰው፤ እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነው የማልፈው። በዚያች ከተማ የማውቀውን ሰው ሁሉ ያወቅሁት በእሱ በኩል ነበር።

የማስተማር ልምምድ ሲደርስ ሁለታችንም ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለች አንድ ትምህርት ቤት ተመደብን። የእኔ ድምፅ ከኋላ ወንበር አይደርስም ነበር። ልጆቹ አልበጠበጡኝም፣ ግን በትዕግሥት እንደሚጠብቁኝ ይታወቀኝ ነበር። እሱ ሲገባ ክፍሉ ይሞቃል። ክፍልፋይ ሲያስተምር አንዱን ልጅ ከፊት አቁሞ ቆጮ እንደሚቆርስ ሰው አየር ላይ ይከፋፍላል፤ ልጆቹ ድርሻቸውን ይቀበላሉ፣ ያላምጣሉም። ሊገመግመን የመጣው መምህር በመጨረሻው ቀን እጁን ይዞ «አንተ አስተማሪ ሆነህ ነው የተወለድከው» አለው።

የዚያን ዕለት በጭቃው መንገድ ስንመለስ ጓደኛዬ «ጨርሻለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ማስተማሩን። ሞከርኩት፣ እችላለሁ፣ አበቃ። ነገ ያው ገጽ ነው፣ ከርሞም ያው ገጽ። ልጆቹ ያልፋሉ፣ እኔ እዚያው ቆሜ እቀራለሁ።»

ሳቅኩ። ዞር ብዬ ሳየው እሱ አልሳቀም።

«ደቡብ አፍሪካ ልሄድ ነው» አለ።

በእኛ አካባቢ ይህን ማንም እንዲያብራሩለት አይጠይቅም። በየመንደሩ የሄደ አለ፤ በየመንገዱ ዳር እዚያ ያለ ልጅ ያሠራው አዲስ ቤት አለ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ እሑድ እሑድ «በመንገድ ላይ ላሉት» ተብሎ ይጸለያል። የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ከእነሱ አንዱ ነበር። ለማንም ሳይናገር ጠፍቶ ሄደ፤ ከመንገድ ደወለ፤ ከደረሰ በኋላም ደውሎ ነበር። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ይኑር አይኑር ቤተሰቡ አያውቅም። እኔም ዛሬ ድረስ አላውቅም።

ስለዚህ ጓደኛዬ ሐሳቡን ወደ ቤት ሲልክ አባቱ ወዲያው መጡ። ቅዳሜ ጧት ከአንድ የቤተሰቡ ሽማግሌና ከቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊ ጋር ከሾኔ መኪና ሲወርዱ አገኘናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከባርኔጣቸው የማይለዩ ገበሬ ናቸው። ጉዳዩ የታወቀ ነው፤ አባት ሁለተኛ ልጃቸውን በዚያው መንገድ ማጣት አይፈልጉም፤ ልጅ መሄድ ይፈልጋል።

በነሱ ቤት ሥርዓት እንዲህ ባለ ከባድ ነገር ልጅ ከአባቱ ጋር ፊት ለፊት አይከራከርም። አንድ ሰው ይመርጣል፤ የመረጠው ሰው ቃሉን ለአባት ያደርሳል፣ የአባትንም ቃል መልሶ ለልጅ ያደርሳል። መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም። ጓደኛዬ የመረጠው እኔን ነበር።

«ምነው? የአጎትህ ልጅ እያለ?»

«የአጎቴ ልጅ ያሳምረዋል» አለኝ። «የሰማኸውን ሳታሳምር የምትደግም አንተ ብቻ ነህ። ቀልድ እንኳ ስትደግም ቀልዱ ይሞታል።»

ሽማግሌውም ምርጫውን ወደዱት። ከሌላ አገር፣ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ዝምተኛ ልጅ ወገን የለውም ብለው አሰቡ። የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በዚያ ግቢ እንደ እኔ ወገን የያዘ አልነበረም። ጓደኛዬ እንዲሄድብኝ አልፈልግም ነበር።

ከመቀመጣችን በፊት አባቱ በአጥሩ በር በኩል ጠሩኝ። ትከሻዬ ላይ እጃቸውን አደረጉ።

«ልጄ፣ የአስተማሪ ልጅ ነህ፤ ነገር ይገባሃል።»

«አቤት አባባ።»

«ቃሉን ስታመጣ ትንሽ አለዝበው። ‹አስብበታለሁ› ብሏል በለኝ። እሷ ትበቃኛለች። ሽማግሌው ነገሩን ያሳድሩታል፤ ሲያድር ደግሞ ልብ ይመለሳል።»

የጠየቁኝ እኔም የምፈልገውን ነበር።

ክፍላችን ስገባ ጓደኛዬ ልብስ እያጠፈ ነው። እጁ ሥራ ሲይዝ ነበር ማውራት የሚቀናው። ቃሉን ነገረኝ፤ እስክይዘው ደገመልኝ።

«የመጨረሻዋንም ልበላቸው?» አልኩት።

«የመጨረሻዋን በተለይ። አንዲት ቃል እንዳታለዝብ።»

ወጣሁ። ሦስቱ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ እማማ ከማድቤቱ በር ላይ ጎመን ይከትፋሉ። ወንጌላዊው አጭር ጸሎት አደረጉ። ለእኔ ሲባል ነገሩ በአማርኛ ሆነ። ቆሜ እንዲህ አልኩ፤

«ልጅዎ እንዲህ ይላል። አባቴን አከብራለሁ። ማስተማር እችላለሁ፣ ግን አልፈልገውም። ይህን ያወቅኩት እዚህ ተልኬ ነው፤ ስለዚህ የላከኝ በከንቱ አይደለም።»

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። «አስብበታለሁ» የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ነበረች። አባትየው አገጫቸውን ትንሽ ወደ ላይ አድርገው ይጠብቁኛል። ብላት ሁለታችንም ደስ ይለን ነበር፤ የሚያውቅብኝም ከበሩ ኋላ ካለው በቀር ማንም አልነበረም።

«እሄዳለሁ፤ ይላል» አልኩ። «አባቴ የሚያስቀረኝ ወንድሜን እያሰበ ነው። እኔ ብቀርም እሱ አይመለስም፤ ይላል።»

እማማ መክተፋቸውን አቆሙ። ወንጌላዊው መሬት መሬት አዩ። አባትየው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ያለ ባርኔጣ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ አርጅተው ታዩኝ።

«ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት። በዚያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ከኋላ ወንበር መድረስ ያቃተው ድምፄ እዚያ ግቢ ውስጥ በቂ ነበር።

ሽማግሌው ወደ ክፍላችን በር ዞረው «አንተ ልጅ፣ ቃልህ ይኸው ነው?» ብለው ጮኹ።

«ይኸው ነው» አለ ከውስጥ።

አባትየው ሲናገሩ ወደ እኔ እንጂ ወደ በሩ አላዩም።

«ሂድና በለው፤ ብትቀርም እንደማይመለስ አባትህ ያውቃል። ለሌላ ሰው ተናግሬው ስለማላውቅ ነው እንጂ አውቃለሁ። የጀመርከውን ጨርስ፣ ዲፕሎማህን ያዝ። ያኔም ልብህ መንገድ ላይ ከሆነ አልይዝህም። ግን እንደ ወንድምህ ተደብቀህ አትወጣም። ከቤቴ በር ተነሥተህ፣ እናትህ ስማህ፣ ተጸልዮልህ ነው የምትሄደው።»

እንዳለ አደረስኩለት። ጓደኛዬ የያዘውን ሸሚዝ ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ «እሺ በለው» አለኝ። ወጥቼ «እሺ ብሏል» አልኩ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ወጥቶ የአባቱን ጉልበት የሳመው።

ምሳ ስንበላ ሽማግሌው ከሳህናቸው ላይ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ አስተማሪ አትሆንም» አሉኝ።

«ምነው አባባ?»

«አስተማሪ ይጨምራል።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ግን እውነት መሆኑን እዚያው ገበታ ላይ አወቅሁ። ጓደኛዬ በጭቃው መንገድ ላይ ስለ ራሱ ያወቀውን ዓይነት ነበር። ትልቅ ነገር አልመሰለኝም፤ ሰው ግራኝ መሆኑን እንደሚያውቀው ነው። የምፈልገው ቃል አፌ ውስጥ እያለ የሌላውን ቃል ሙሉውን ማድረስ እችላለሁ፤ ስችልም ውስጤ ጸጥ ይላል። እንደ እኔ ላለ ሰው የሚሆን ሥራ እንዳለ ገና አላውቅም ነበር። በኋላ ሬዲዮ ጣቢያ ስቀጠር ሥራውን አወቅሁት።

አባትየውን ወደ መናኸሪያ ስንሸኝ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርተው ከእኔ ጋር ተራመዱ።

«አላለዘብክልኝም» አሉኝ።

«አላለዘብኩም አባባ።»

«እሺ» አሉና ሌላ ነገር አወሩ፤ ስለ ዝናቡ ይመስለኛል።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ ለጓደኛዬ «ባትሄድ ደስ ይለኝ ነበር» አልኩት።

ቆመ። «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንተ አልላክኸኝም፤ እነሱም አልጠየቁኝም።»

«ይኸው! ቀልዱን ገደልከው» ብሎ በትከሻው ገፋኝ። ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር።

የቀሩት ወራት በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ሁሉ የተሻሉት ናቸው። መለያየታችን ቀን ስለተቆረጠለት ምንም ነገር በከንቱ አላለፈንም። ጫማ ለመሸጥ አብሬው ገበያ ወጣሁ፤ ሰላም የሚሉኝን ሴቶች ስማቸውን ጠርቼ መመለስ ጀመርኩ። እሱ ጎበዝ ያልሆነበትን ሥነ ልሳን አስጠናሁት። ማታ ማታ በየራሳችን ቋንቋ መዝሙር እየዘመርን እማማን ሳቅ በሳቅ እናደርጋቸው ነበር። አሁን እሱ በሩቅ አገር የራሱ ሱቅ አለው፤ እንደዋወላለን። አማርኛው አሁንም የሾኔ ነው።

የምረቃው ቀን አባቱ ሙሉ ቤተሰቡን ይዘው መጡ። የእኔ አባትና እናትም ከአንጋጫ መጥተው ነበር። እኔ ስሜ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተጠርቶ ከመድረክ ወርጄ ከቤተሰቦቻችን ጋር ቆሜያለሁ፤ የጓደኛዬ የትምህርት ክፍል ገና በሜዳው ላይ ተሰልፏል። ሁሉም ጥቁር ጋዋን ለብሰዋል፣ ፀሐዩ ይከብዳል፣ ከሩቅ ሰውን ከሰው መለየት አይቻልም።

አባትየው በእጃቸው ፀሐዩን ጋርደው ቆዩ። «የቱ ነው?» አሉኝ።

«ያ፣ ከጫፍ ሁለተኛው።»

አገኙት። ብዙ ጊዜ አዩት። እሱ አላየንም፤ አጠገቡ ያለውን ልጅ የሆነ ነገር ነግሮ ያስቀዋል።

«ሲያዩት አስተማሪ ይመስላል» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«አይደለም ግን።»

«አይደለም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ስሙ ሲጠራ ከሁላችን ቀድመው አጨበጨቡ።